«320» ጥራት አይደለም!
ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የሟች አባቱን ድምፅ ከስልክ ቪዲዮ ላይ ሊያስወጣ እዚሁ መካኒሳ አቦ አንድ ሱቅ ገባ። «ጥራቱን ወደ 320 ከፍ አድርገንልሃል» ብለው ኤምፒ3 ሰጡት፤ ቪዲዮውን አጠፉት። አሁን በእጁ ያለው ያቺ ቅጂ ብቻ ናት።

ወገን፣ ከፍ የሚል ነገር የለም! ኤምፒ4 ካርቶን ነው፤ ምስሉና ድምፁ ውስጡ ለየብቻ ተቀምጠዋል። ድምፁ ብዙ ጊዜ ኤኤሲ ነው። ወደ ኤምፒ3 ስትለውጡት እንደገና ይጨመቃል፤ የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ በሉት። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ የ40 ደቂቃ ድምፅ 38 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ 320 ስታደርጉት 96 ይገባል። ጥራት አልጨመረም፤ የጨመረው የምትከፍሉበት ዳታ ነው።

የፋይሉን ስም ብቻ «ኤምፒ3» ብሎ መቀየርማ ካርቶኑ ላይ ሌላ ወረቀት መለጠፍ ነው፤ ከዚያ «አልከፍት አለኝ» ትሉኛላችሁ።

መፍትሔው ነፃ ነው። በኤፍኤፍኤምፔግ ድምፁን ሳትለውጡ ኮፒ አድርጉና ኤም4ኤ ብላችሁ አስቀምጡት፤ በሰከንዶች ያልቃል። የመኪናችሁ ቴፕ ኤምፒ3 ብቻ የሚያነብ ከሆነ ለውጡት፣ ይሁን። ኦርጅናሉን ግን ማንም እንዳያጠፋባችሁ!

ኦርጅናል የሚያጠፋ ሰው በኔ ቤት ባለሙያ አይባልም።