«ንጹሕ ባሕል» የሚሉት ወንፊት

የሕዝብ ኪነ ጥበብ ከሕዝቡ ኑሮ ጋር ይወለዳል፤ ከኑሮውም ጋር ይለወጣል። ይህን እውነት በቃል የማይቀበል ካድሬ፣ መምህር ወይም የኪነት ሰው የለም። በተግባር ግን ተቃራኒው ሲሠራ ይታያል። በደቡቡ ቆላ፣ ከነገሌ ቦረና እስከ ሞያሌ ባሉት ከተሞች፣ ጊታር ይዞ የራሱን ግጥምና ዜማ ለመድረክ የሚያቀርብ ወጣት «ይህ ባሕላዊ አይደለም» የሚባልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ያው ወጣት ጊታሩን አስቀምጦ፣ የባሕል ልብስ ለብሶ፣ ደራሲው ያልተጠቀሰ ዜማ በኅብረት ሲያሰማ ግን ይጨበጨብለታል። ይህ አሠራር ባሕልን መጠበቅ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።

ለዚህ የአሊ ቢራ ሥራዎች በቂ ማስረጃ ናቸው። በድሬዳዋ የተወለደው አሊ መሐመድ ሙሳ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገና በልጅነቱ አፍረን ቀሎ በተባለው የኪነት ቡድን ውስጥ ተሰለፈ። «ቢራ» የሚለውን መጠሪያ ያተረፈለት በዚያው ቡድን ያዜመው ዘፈን ነው፤ ቃሉም ክረምት ሲወጣ የሚብተውን ወቅት ያመለክታል። በዚያ ዘመን በድሬዳዋ የዓረብ፣ የሱማሌና የሐረሪ ዜማ በሰፊው ይደመጥ ነበር። አፍረን ቀሎ ከጎረቤት ዜማ ጆሮውን ሳይደፍን ኦሮምኛን በከተማው መድረክ ላይ አቆመ። ቡድኑ በዘውዳዊው አገዛዝ ታገደ። አሊ ግን በኋላ በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ሠራ፤ ኡድና ጊታር ተጫወተ፤ ከኦሮምኛ ሌላ በአማርኛ፣ በሐረሪና በሱማሊኛ አዜመ። በ1960ዎቹ በሸክላ፣ ቀጥሎም በካሴት የወጡት ሥራዎቹ ከትውልድ ስፍራው እጅግ ርቀው ተደመጡ። ዛሬ በባሕል ስም የሚያዘው ወንፊት ያኔ ድሬዳዋ ላይ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ኡዱም ጊታሩም «ባዕድ» ተብለው ይጣሉ ነበር፤ የዘመናዊው ኦሮምኛ ዘፈን አንዱ ዋና ምሰሶም አብሮ ይጣል ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሣ መከራከሪያ አለ። «የሐረርጌ ከተማና የቦረና ቆላ አንድ አይደሉም፤ የቦረና ዘፈን የሰው ድምፅ ብቻ የሚበቃው ነው» ይባላል። በቱላ ጉድጓዶች ሰዎች ከጥልቁ እስከ አፉ ተደርድረው ውሃ ሲቀባበሉ የሥራውን ምት የሚጠብቀው ዜማቸው እንጂ መሣሪያ አለመሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከቆዳ የተሠራው ኦኮሌ በብዙ ስፍራ ለፕላስቲክ ዕቃ ቦታውን ለቋል፤ በዚህ ምክንያት ግን ዜማው የቦረና መሆኑ ቀረ ያለ ሰው አልተሰማም። ከዚህም በላይ ቦረና ሕጉን እንኳ እንደ ድንጋይ አልቀረጸም። ጉሚ ጋዮ በየስምንት ዓመቱ ተሰብስቦ ሕግን ይመረምራል፣ ያሻሽላል፣ ይደነግጋል። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባሕላዊ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር የተመሰገነው እንዲህ ያለው ሕያው ሥርዓት ነው። ሕጉን በጉባኤ የሚያሻሽል ሕዝብ ዘፈኑን አያሻሽል ማለት ሕዝቡን አለማወቅ ነው።

ሞያሌ ደግሞ በአዲስ አበባና በናይሮቢ መንገድ ላይ፣ ድንበር ለሁለት የከፈላት የገበያ ከተማ ናት። በገበያዋ ኦሮምኛ፣ ሱማሊኛ፣ ቡርጂኛ፣ አማርኛና ስዋሂሊ ይሰማሉ። ከዚህ ሁሉ ድምፅ መካከል ያደገ ልጅ የሚደርሰው ዘፈን የአያቱን የከብት ውዳሴና የጭነት መኪናውን ሬዲዮ አንድ ላይ ቢይዝ የሚያስደንቅ አይደለም። የኑሮው ነጸብራቅ ነውና።

ይህ ሲባል መሣሪያ የተጨመረበት ሁሉ ይመስገን ማለት አይደለም። የኪቦርድ ድለቃ ግጥሙን የሚውጥበት፣ አንዱ ምት ለሁሉም ዘፈን የሚለጠፍበት ሥራ ብዙ ነው፤ ሊተችም ይገባዋል። መመዘኛው ግን የመሣሪያው ትውልድ ሊሆን አይችልም። ሊጠየቅ የሚገባው ቃሉ ይሰማል ወይ? የሚናገረው ነገር አለው ወይ? የሚል ነው። የአሊ ቢራ ጊታር ቃሉን ያጅባል እንጂ አይሸፍንም፤ ዘፈኖቹ ሳይሰለቹ የኖሩበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

«ንጹሕ ባሕል» የሚያስከትለው ሌላም ጉዳት አለ፤ ይኸውም የደራሲን ስም ማጥፋት ነው። በመድረክ ማስታወቂያ ላይ «የሕዝብ ዜማ» የሚል ጽሑፍ ሲሰፍር ግጥሙን የገጠመው፣ ዜማውን የደረሰው ሰው ይጠፋል። የአሊ ቢራ የቀድሞ ሸክላዎች ተለቅመው «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ስብስብ በ28ኛ ቁጥር የወጡት በፈረንሳይ አገር አሳታሚ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። አሊ ቢራ በሕይወት ሳለ ይህን አየ፤ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዳማ ዐረፈ። በሞያሌ፣ በሜጋ፣ በያቤሎና በነገሌ ሱቆች አቧራ የሚጠጣውን ካሴት ግን ማንም ከፓሪስ መጥቶ አይለቅመውም።

እንግዲህ ሥራው የታወቀ ነው። ካድሬው መድረኩን ለወጣቱ ጊታር ይክፈት። መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋር የአካባቢውን ካሴት ይሰብስብ፤ የደራሲውን ስም፣ የተቀዳበትን ዘመንና ስፍራ ይመዝግብ። የኪነት ሰውም ሥራውን በስሙ ያቅርብ፤ ለትችትም በስሙ ይቁም። ወንፊቱ ካልተጣለ ግን በሞያሌ መድረክ ላይ የሚቀረው ልብሱ ብቻ ይሆናል።