ያልተጠበቀ ውጤት ሁሉ ስሕተት አይደለም

በቤተ ሙከራ የተገኘው አኃዝ በመጽሐፍ ከተጻፈው ጋር አልገጥም ሲል፣ አኃዙን ፍቆ የሚጠበቀውን መጻፍ በአንዳንድ ተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። በእኔ አስተያየት፣ ይህ ልማድ ማርክ ሊያስገኝ ቢችልም ዕውቀትን ይገድላል። ለዚህም የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ የቬራ ሩቢን ሥራ በቂ ማስረጃ ነው።

ፀሐይን ከሚዞሩት ፕላኔቶች መካከል የቅርቧ ሜርኩሪ በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዝ፣ የሩቁ ኔፕቲዩን ግን ከ5 ኪሎ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ርቀት ሲጨምር ስበት ይደክማል፤ ፍጥነትም ይቀንሳል። ጋላክሲ የሚባለው ታላቅ የከዋክብት ክምችትም ብርሃኑ በብዛት የሚታየው ከመሐሉ ስለሆነ፣ በዳርቻው ያሉት ከዋክብት እንደ ኔፕቲዩን ቀስ ብለው ይዞራሉ ተብሎ ይጠበቅ ነበር።

ሩቢንና ባልደረባዋ ኬንት ፎርድ በአንድሮሜዳ ጋላክሲ፣ በወጣት ከዋክብት ዙሪያ የሚያበራውን ጋዝ መርምረው ውጤቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 አሳተሙ። ወደ እኛ የሚቀርብ አካል ብርሃን ወደ ሰማያዊ፣ የሚርቀው ደግሞ ወደ ቀይ ስለሚያደላ፣ ፍጥነቱን ከዚህ ማስላት ይቻላል። ስሌቱ ግን ያልታሰበ ነገር አሳየ፤ በዳርቻው ያለው ፍጥነት እንደተጠበቀው አልቀነሰም።

ሩቢን አኃዙን አልፋቀችም። ይልቁንም በሌሎች ጋላክሲዎች ላይ ደጋግማ ፈተነችው፤ በ1980 ስለ 21 ጋላክሲዎች የታተመው ጥናትም ያንኑ መሰከረ። የሚታዩት ከዋክብት ስበት ብቻውን እንዲህ የሚፈጥኑትን አካላት ይዞ ማቆየት ስለማይችል፣ ብርሃን የማይሰጥ «ጽልመታዊ ቁስ አካል» መኖር አለበት የሚለው ሐሳብ ተጠናከረ። ፍሪትዝ ዝዊኪ ይህንኑ ሐሳብ በ1933 አንሥቶት የነበረ ቢሆንም፣ ለብዙ ዓመታት ተገቢውን ትኩረት አላገኘም ነበር።

ምናልባት አንዳንዱ፣ «ቁስ አካሉ ራሱ እስከ ዛሬ ተይዞ አልታየም፤ ታዲያ ምኑ ዕውቀት ሆነ?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከሊቃውንቱም መካከል መሻሻል ያለበት የስበት ሕግ ነው የሚሉ አሉ። ሆኖም ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት በዚያው በተለካው ፍጥነት ላይ ቆመው ነው። ትርጓሜው ሊለወጥ ይችላል፤ በታማኝነት የተመዘገበ ልኬት ግን ለሁሉም ዳኛ ሆኖ ይኖራል።

ስለዚህ ተማሪው ያልጠበቀውን ውጤት ሲያገኝ በመጀመሪያ መሣሪያውንና አሠራሩን ይመርምር፤ ደጋግሞም ይለካ። ውጤቱ ካልተለወጠ ያገኘውን በድፍረት ይጻፍ። መምህሩም ለታማኝ መዝገብ ማርክ አይንፈግ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንዲሉ፣ ዛሬ ስሕተት የመሰለው አኃዝ ነገ የአዲስ ዕውቀት በር ሊሆን ይችላል።