«ላዩ ደህና ነው» ማለት ይብቃ!

ዛሬ ምክር ብቻ ሳይሆን ቁጣም አለኝ።

በአንድ ተረኛነቴ ሌሊት የስኳር ሕመም ያለባቸው አባት እግራቸው አብጦ መጡ። እሾህ ከወጋቸው ሦስተኛ ቀናቸው ነው። መጀመሪያ ወጌሻ ጋር ሄደው ታሹ። ሲብስባቸው ያለ ማዘዣ አሞክሲሲሊን ገዙ፣ ዳይክሎፊናክ ተወጉ። እኔ ጋር ሲደርሱ «አሁንስ ተሽሎኛል፣ ሲነኩኝም አይሰማኝ» አሉኝ። የደነገጥኩት ያኔ ነው። ሕመሙ የጠፋው ተሽሏቸው ሳይሆን ነርቮቹ ስለሞቱ ነበር። ነፍሳቸው ተረፈች፤ እግራቸው ግን ተቆረጠ።

በሽታው ኔክሮታይዚንግ ፋሺያይተስ ይባላል። ባክቴሪያው ከቆዳ በታች ጡንቻን የሸፈነውን ስስ ሽፋን ተከትሎ በሰዓታት ውስጥ ይሰራጫል። ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ይሞታል። ደም ስሮቹ ስለሚደፈኑ አንቲባዮቲክ ብቻውን ቦታው አይደርስም። በብዛት የሚያጋጥም በሽታ አይደለም፤ ሲያጋጥም ግን ቀጠሮ አይሰጥም።

«አልቀላም እኮ» አትበሉኝ። በእኛ የቆዳ ቀለም ላይ መቅላት ላይታይ ይችላል። ይልቅ እነዚህን እዩ፦

- ከቁስሉ መጠን ጋር የማይመጣጠን ከባድ ሕመም
- በሰዓታት ውስጥ የሚሰፋ፣ ሲነካ የሚጠጥር እብጠት
- ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መዛል ወይም መቀባዠር
- የቆዳ መጥቆር፣ ውኃ መቋጠር፣ መደንዘዝ

እናቶችና አባቶች፣ ጉድፍ የወጣበት ልጅ ትኩሳቱ ለቆት ከተመለሰ፣ ወይም እጁን፣ እግሩን አላስነካ ካለ ዛሬውኑ አምጡት። ለጉድፍ አይቡፕሮፌን አትስጡ።

ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። እኛም ሐኪሞች «ራጁ ምንም አያሳይም»፣ «ሲቲ ስካኑ ይድረስ» እያልን ሰዓት እናቃጥላለን። ራጅ ላይ አየር አለመታየቱ በሽታው የለም ማለት አይደለም። የደም ምርመራ ይረዳል እንጂ አይፈርድም። ቁርጡ የሚታወቀው ቀዶ ሐኪም ከፍቶ ሲያይ ነው፤ ለካልቸር የሚላከው ናሙናም እዚያው ይወሰዳል። ጥርጣሬው ጠንካራ ከሆነ ምርመራ ቀዶ ሕክምናውን ማዘግየት የለበትም።

«ሄደን ምንም ባይሆንስ? ወጪውስ?» ትሉኛላችሁ። ይገባኛል፤ ኑሮው ከባድ ነው። ግን በከንቱ ደክማችሁ ብትመለሱ ይሻለኛል። ስትወጡ የእብጠቱን ጠርዝ በስክሪብቶ አስምሩ፣ ሰዓቱንም ጻፉበት፤ ምን ያህል እየፈጠነ እንደሆነ ለሐኪሙ ያሳያል። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱም «ሕመሙ ከሚታየው በላይ ነው» በሉ። ካልሰሟችሁ ድገሙት።

ለምትወዱት ሰው አጋሩ።