«አይመለከተኝም» የሚል ፍርድ ቤት

«የኛ ዳኞች ለምን እንደ ኬንያዎቹ አይደፍሩም?» ይህን ጥያቄ ከጓደኞቼ ጋር ያልተጨቃጨቅንበት ጊዜ የለም። ነሐሴ 26 ቀን 2009 ዓ.ም. የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥልጣን ላይ ያለው ፕሬዝዳንት አሸነፈ የተባለበትን ምርጫ በአራት ለሁለት ድምፅ ሰረዘ። (በድጋሚው ምርጫም ያው ሰውዬ አሸነፈ፤ ተቀናቃኙ ራሱን አግልሎ ነበር።)

እኛ ጋ ነገሩ ከድፍረት በፊት ከመዋቅር ይጀምራል። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። 11 አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፣ የመጨረሻውን ቃል ግን ፖለቲከኞች ይናገራሉ። በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮቪድ ሲራዘም ያየነው ይህንኑ ነው። ባለሙያዎች በቀጥታ ሥርጭት ተከራከሩ፣ ሰኔ 3 ቀን ምክር ቤቱ ወሰነ።

ዳኞቹን ግን በዚህ ብቻ ነፃ ማውጣት ይከብደኛል። አንቀጽ 13 መሠረታዊ መብቶችን የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት በዳኝነት አካላትም ላይ ጥሏል። ሕግ መሻር ሌላ፣ ግልጽ የሆነን መብት ማስከበር ሌላ።

አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። አንዲት ሴት በውርስ ክርክር «ሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት አልፈልግም» አለች። አንቀጽ 34 ደግሞ በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ ነው። በቃ፣ ትርጉም የሚሻ ነገር የለውም። ሆኖም ተቃውሞዋ ሳይሰማ ተፈረደ፤ ፌዴራል ሰበር ድረስ ሄዳም መሠረታዊ የሕግ ስህተት አልተገኘም ተባለች። በ1996 ዓ.ም. መብቷን ያስከበረላት፣ እንግዲህ ጉድ በሉ፣ የፖለቲከኞቹ ምክር ቤት ነው።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ስለሆነ መጀመሪያ የሚታየኝ ወጪው ነው። የዳኛ ቁጥብነት በነፃ አይገኝም። የጠበቃውን፣ የምልልሱን፣ የዓመታቱን ሒሳብ የከፈለችው እሷ ናት። ስንቱስ ሰው መንገድ ላይ ደክሞት ቀርቷል?

«አቅም የላቸውም» እንዳንል ደግሞ፣ ከአዋጅ 454/1997 ወዲህ የፌዴራል ሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። ይሄ ትንሽ ሥልጣን አይደለም፤ አንዳንዴ ሕግ ከማውጣት ብዙም አይርቅም። በውልና በውርስ ጉዳይ አገር የሚያስገድድ ችሎት የሕገ መንግሥት አንቀጽ ሲጠቀስለት ዝም ካለ ሥልጣን አንሶት ነው ማለት ይቸግረኛል።

ምርጫ ሰርዙልን አላልኩም። ዳኛው «ጉዳዩ በፍርድ ቤት የሚታይ አይደለም» ብሎ መዝገቡን ሲዘጋ፣ የትኛው አንቀጽ እንደከለከለው ባለጉዳዩ በሚገባው አማርኛ ይጻፍለት።