ፊጎን በቃላችን፣ ፍቅሩን በወሬ

ከሲ.ኤም.ሲ ሚካኤል እስከ አያት ባሉት የዲኤስቲቪ ቤቶች ውስጥ አንድ ሰው አይጠፋም፤ የፊጎን ዝውውር የሚተነትን። ፊጎ በ2000 እ.ኤ.አ. ከባርሴሎና ወደ ሪያል ማድሪድ ሲሄድ የውል ማፍረሻው 10 ቢሊዮን ፔሴታ እንደነበር፣ ፍሎሬንቲኖ ፔሬዝ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር «ፊጎን አመጣለሁ» ብሎ ቃል እንደገባ፣ ተጫዋቹ ወደ ኑ ካምፕ ሲመለስ የአሳማ ጭንቅላት ሳይቀር እንደተወረወረ አንድ በአንድ ይነግራችኋል። ኔትፍሊክስ በ2022 እ.ኤ.አ. ሙሉ ፊልም ሠርቶለታል፤ እኛም አይተን እስኪበቃን ተከራክረንበታል።

እስቲ ያንኑ ተንታኝ ስለ ፍቅሩ ተፈራ ጠይቁት። ፍቅሩ በ2006 እ.ኤ.አ. ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወደ ደቡብ አፍሪካው ኦርላንዶ ፓይሬትስ ሄደ። ቼክን፣ ፊንላንድንና ቬትናምን አዳርሶ ህንድ ገባ፤ ጥቅምት 2 ቀን 2007 ዓ.ም. ለአትሌቲኮ ዲ ኮልካታ ያገባት ጎል በህንድ ሱፐር ሊግ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሆና ተመዘገበች። ይሄ ፊልም ካልሆነ ምን ፊልም ይሆናል? የመጀመሪያው ዝውውር ስንት ተከፈለበት? ማን አደራደረው? የተንታኛችን መልስ አንድ ነው፤ «ሲሉ ሰማሁ»።

«ፊልም መሥሪያ ገንዘብ የለንም» የሚሉ አሉ። አይዋጥልንም። የጎደለን ካሜራ ሳይሆን ወረቀት ነው። የበረዶ ሆኪው ዌይን ግሬትዝኪ በ1988 እ.ኤ.አ. ከኤድመንተን ወደ ሎስ አንጀለስ ሲሸጥ 15 ሚሊዮን ዶላር እንደተከፈለበት አገር ያውቃል። በ2009 «ኪንግስ ራንሰም» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ሲሠራ ሰዎቹ የሚጠየቁት በሚታወቅ ሒሳብ ላይ ቆመው ነው።

እኛስ ጋ? ተጫዋቹ ማሊያ ይዞ ፈገግ ሲል ፎቶው ይለጠፋል፤ ዋጋው ግን «ያልተገለጸ» ነው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ለተጫዋቾች ወርኃዊ ደመወዝ የ50 ሺህ ብር ጣሪያ ተቀመጠ ተባለ። ዋጋ በማይነገርበት ገበያ ጣሪያ ምን ይፈይዳል? ጎበዝ፣ ብዙዎቹ የሊጋችን ክለቦች የሚኖሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው እኮ! የሚደበቀው የክለብ ምስጢር አይደለም፤ የእናት አባቶቻችን ግብር ነው።

ሰዎቹም እያለቁብን ነው። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ካመጡልን መካከል መንግሥቱ ወርቁ በ2003፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. አርፈዋል። ሳንጠይቃቸው የቀረውን ማንም አይመልስልንም።

አቡበከር ናስር ግን ትናንት ነው። በ2013 ዓ.ም. ውድድር 29 ጎል አግብቶ በዓመቱ ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ አቀና። ያን ድርድር ዛሬ መጠየቅ ይቻላል። የዛሬ ሃያ ዓመት እሱንም «ሲሉ ሰማሁ» ከምንል፣ ክለቦች ሆይ፣ ውሉን አውጡልን። ፊልሙን በስልካችንም ቢሆን እንሠራዋለን።