የአባት ደብዳቤ

ኦክቶበር 25 ቀን 1944። የ86 ዓመት አዛውንት ለአዶልፍ ሂትለር ደብዳቤ ይጽፋሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደብዳቤው አጭር ነው። ልጃቸው ኤርቪን ሞት ተፈርዶበታል። አባትየው ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ሥራ ለጀርመን የማያልቅ ሀብት ሆኗልና፣ የጀርመን ሕዝብ ምስጋና ይሆናቸው ዘንድ የልጃቸውን ነፍስ ይለምናሉ።

ፈራሚው ማክስ ፕላንክ ናቸው። ፊዚክስ ደጃፍ የደረሰ ሁሉ ስማቸውን ያውቃል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ፕላንክስ ኮንስታንት የሚባለውን ቁጥር፣ 6.63 ሲባዛ በ10 ፓወር ኔጌቲቭ 34፣ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። መምህሮቻችን ስለ ቁጥሩ ብዙ አስተምረውናል። ስለ ሰውየው ግን አንድም ቀን አልሰማሁም፤ አባት መሆናቸውን እንኳ ያወቅሁት ትምህርቴን ከጨረስኩ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ያን ደብዳቤ ካነበብኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ይህን የሚያህል ሰው ያን በመሰለ ሰው ደጅ ለልመና እስኪቆም ምን አደረሰው?

ፕላንክ በ1858 በኪል ከተማ ተወለዱ። አያታቸውና ቅድመ አያታቸው በጎቲንገን የሥነ መለኮት ፕሮፌሰሮች ነበሩ። አባታቸው ደግሞ የሕግ ፕሮፌሰር ናቸው። እንግዲህ ልጁ ያደገው የእግዚአብሔር ሕግና የመንግሥት ሕግ በአንድ ማዕድ በሚቀርቡበት ቤት ነው። ሙኒክ በተማሩበት ትምህርት ቤት ሄርማን ሙለር የሚባል መምህር ነበራቸው። ጉልበት እንደማይጠፋ ያስረዳቸው በአንድ ግንበኛ ታሪክ ነው። ግንበኛው ከባድ ድንጋይ ተሸክሞ በላብ በወዙ ጣሪያ ላይ ያወጣዋል። ያ ድካም የትም አልሄደም፤ ድንጋዩ ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል። ምናልባት ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ ቀን ድንጋዩ ይፈነቀልና በሥር በሚያልፍ ሰው አናት ላይ ይወድቃል። ፕላንክ ይህን ታሪክ በሽምግልናቸውም አልረሱትም፤ በጽሑፍ አስፍረውታል።

ፊዚክስ ሊያጠኑ ሲነሡ የሙኒኩ ፕሮፌሰር ፎን ዮሊ በዚህ ትምህርት ውስጥ ሊገኝ የሚችለው ሁሉ ማለት ይቻላል ተገኝቷል ብለው መከሯቸው። ወጣቱ አልተከራከሩም። አዲስ ነገር ልፈልግ አላልኩም፣ ያለውን በደንብ ልረዳ ነው ብለው ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ጠባያቸው እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

ሰውየው ደረቅ አልነበሩም። ፒያኖ፣ ኦርጋንና ቼሎ ይጫወቱ ነበር፤ ይዘፍናሉም። በርሊን ግሩነቫልድ በሚባለው ሰፈር የነበረው ቤታቸው የዘመኑ ሊቃውንት መሰብሰቢያ ነበር። ታዋቂው ቫዮሊን ተጫዋች ዮዜፍ ዮአኪም እዚያ ተጫውቷል። ኋላም አንስታይን በቫዮሊን፣ አባትየው በፒያኖ፣ ልጁ ኤርቪን በቼሎ አብረው ይጫወቱ ነበር። ከቪየና በ1907 የመጣችው የፊዚክስ ተመራማሪ ሊዘ ማይትነር፣ ሴት ተመራማሪ እንደ ብርቅ በሚታይበት ዘመን፣ በዚያ ቤት እንደ ቤተሰብ ትቆጠር ነበር። ለፕላንክ ሴቶች ልጆችም ጓደኛቸው ሆነች። በ1912 ፕላንክ ረዳታቸው አድርገው ቀጠሯት።

ስማቸውን ያስጠራው ሥራ የተጀመረውም በቤታቸው ነው። ኦክቶበር 7 ቀን 1900፣ እሑድ፣ የሙያ ባልደረባቸው ሃይንሪኽ ሩበንስ ከባለቤቱ ጋር ሊጠይቃቸው መጣ። በጨዋታ መሐል ከጋሉ አካላት ስለሚወጣው ጨረር ቤተ ሙከራ ውስጥ ያገኘውን አዲስ ልኬት ነገራቸው። ብረት ሲግል መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናል፣ ጭራሹን ሲግል ይነጣል፤ የነበረው ቀመር ይህን በሁሉም ሞገድ ላይ በትክክል ማስረዳት አቅቶት ነበር። እንግዶቹ ሲሄዱ ፕላንክ ቁጭ ብለው አዲስ ቀመር አወጡ። ያንኑ ማታ በፖስት ካርድ ለሩበንስ ላኩለት። ቀመሩ ከልኬቱ ጋር ልክክ አለ።

ቀመሩ ለምን እንደሚሠራ ማስረዳት ግን ሌላ ሁለት ወር ፈጀባቸው። ዲሴምበር 14 ቀን ያቀረቡት ማስረጃ ጉልበት እንደ ውኃ ሳይቋረጥ የሚፈስ ሳይሆን እንደ ሳንቲም እየተቆጠረ የሚሰጥ ነው የሚል ነበር። ይህን ሐሳብ አልወደዱትም። ከ30 ዓመት በኋላ በጻፉት ደብዳቤ ያን እርምጃ የተስፋ መቁረጥ እርምጃ ብለውታል። ከዚያም ለዓመታት አዲሱን ሐሳብ ከአሮጌው ፊዚክስ ጋር ለማስታረቅ ደክመዋል፤ አልሆነላቸውም። ለእኔ ትልቅነታቸው እዚህ ላይ ነው። ያላማራቸውን እውነት፣ እውነት ስለሆነ ብቻ ተቀበሉ። ለተፈጥሮ ሕግ ታዘዙ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሐዘን ነው።

በ1887 ያገቧት ማሪ ሜርክ አራት ልጆች ወልዳላቸው፣ በ1909 በሳንባ ሕመም ሞተች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የእህት ወይም የወንድም ልጅ የምትሆናትን ማርጋን አገቡ፤ ሄርማን የሚባል ልጅም ወለዱ። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ፕላንክ የጀርመንን ጦር የሚደግፈውን የ93ቱን ምሁራን መግለጫ ፈርመዋል፤ ኋላ ተጸጽተውበታል። የመጀመሪያ ልጃቸው ካርል በአንድ ሙያ መርጋት ያቃተው፣ አባቱን ያሳሰበ ወጣት ነበር። በ1916 ቬርደን ላይ ቆስሎ ሞተ። አባትየው ያኔ የጻፉትን ሳነብ ሆዴ ይባባል። ጦርነቱ ባይመጣ ኖሮ የልጄን ዋጋ አላውቅም ነበር፣ አሁን ሳውቀው ደግሞ ላጣው ግድ ሆነ የሚል ነው ሐሳቡ። ስንት አባት ይህን ለራሱ እንኳ ደፍሮ ይናገራል?

በ1917 ከመንትያ ሴቶች ልጆቻቸው አንዷ ግሬተ ሴት ልጅ ወልዳ በሳምንቷ ሞተች። እህቷ ኤማ እናት የሌላትን ሕፃን ልታሳድግ ሄደች። ቆይታም በጃንዋሪ 1919 የእህቷን ባል አገባች። በዚያው ዓመት በኖቬምበር እሷም ወለደች፤ እሷም በወሊድ ሞተች። የ1918 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ለፕላንክ መሰጠቱ የተነገረው በዚያው ወር ነው። የደስታ መግለጫና የሐዘን ደብዳቤ ባንድ ሰሞን ደጃፋቸው ደረሰ።

አንስታይን በዚያ ሰሞን ሊያጽናናቸው ሄዶ እንባውን መግታት እንዳቃተው ለጓደኛው ለማክስ ቦርን ጽፏል። ፕላንክ ግን ቀጥ ብለው፣ ክብራቸውን ጠብቀው ነበር የተቀበሉት። በእኛ አገር ሐዘን ይወጣለታል፤ ድንኳን ይጣላል፣ ይለቀሳል፣ ለቀስተኛ ማታ ማታ እየመጣ አብሮ ያመሻል። እኝህ ሰው ግን ሐዘናቸውን ይዘው ወደ ሥራቸው ገቡ። ማስተማራቸውን አልተዉም፣ ስብሰባ አልቀሩም፤ ከ1920 ጀምሮም በሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነው አገለገሉ። በዚህ ጽናታቸው ብዙ ሰው ያደንቃቸዋል። እኔም አደንቃለሁ።

ነገር ግን ያው ጠባይ በ1933 ምን እንዳደረገ እንይ። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ፕላንክ የ74 ዓመት ሰው፣ የካይዘር ቪልሄልም የምርምር ማኅበር ፕሬዚዳንት ናቸው። አይሁድ ምሁራን በሕግ ከሥራ ሲባረሩ እሳቸው ማዕበሉ ያልፋል፣ ተቋሙን ማትረፍ ይበልጣል ብለው አሰቡ። አንስታይን ከፕሩሺያ አካዳሚ ሲለቅ፣ ፕላንክ በአካዳሚው ስብሰባ ላይ የአንስታይን ሥራ ከኬፕለርና ከኒውተን ሥራ ጋር ብቻ የሚመዘን ነው ብለው መሰከሩለት። በዚያው ንግግር ደግሞ በአካዳሚው መቆየት እንዳይችል ያደረገው የራሱ የፖለቲካ አቋም ነው አሉ። ልጆቻቸውን ሲቀብሩ አብሮ ያለቀሰ ወዳጃቸው ነው። ይህን ንግግር ደጋግሜ አንብቤ ማለፊያ አላገኘሁለትም።

በዚያው ዓመት ሜይ ውስጥ ሂትለር ዘንድ ቀርበው ስለ ኬሚስቱ ፍሪትስ ሃበርና ስለሌሎቹ አይሁድ ሳይንቲስቶች ተናገሩ። ሂትለር በንዴት ጉልበቱን እየመታ፣ እየፈጠነ መናገር ሲጀምር ዝም ብለው ከመውጣት በቀር ምንም ሊያደርጉ አልቻሉም። በ1934 ደግሞ ሽቱትጋርት ላይ የብረታ ብረት ምርምር ተቋም ሲመረቅ የሆነውን፣ በቦታው የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ኤቫልድ ተርኮታል። ንግግር ለመክፈት በሕጉ መሠረት የናዚውን ሰላምታ መስጠት ግድ ነበር። ፕላንክ እጃቸውን እስከ ግማሽ አነሡና መለሱት። እንደገና አነሡ፤ አሁንም ወረደ። በሦስተኛው እጃቸው ወጣ፣ የሰላምታውንም ቃል አሉት።

ያ ሁለቴ የወረደው እጅ ስለ ፕላንክ ከተጻፈው ሁሉ በላይ ይነግረኛል። ልባቸው እንቢ ብሏል፤ የኖሩበት ሕግ አክባሪነት ግን አሸነፈ። በጃንዋሪ 1935 ደግሞ ልባቸው አሸነፈ። ሃበር በስደት ሞቶ ነበርና መታሰቢያ ላድርግለት አሉ። የትምህርት ሚኒስቴሩ ፕሮፌሰሮች እንዳይገኙ ከለከለ። ፕላንክ ግን አደረጉት። ብዙ ፕሮፌሰሮች ራሳቸው መምጣት ስላልቻሉ ሚስቶቻቸው መጡ፤ አዳራሹ ሞላ። ኬሚስቱ ኦቶ ሃን ንግግር አደረገ። የ76 ዓመቱ ሽማግሌ በግልጽ የተከለከለውን ነገር በግልጽ ፈጸሙ።

አንዳንዶች ፕላንክን በፊተኛው ይወቅሷቸዋል፣ አንዳንዶች በኋለኛው ያወድሷቸዋል። እኔ ሁለቱን መለየት አይሆንልኝም። በ1900 ያላማራቸውን እውነት ያስቀበላቸው፣ በ1919 ሁለተኛዋን መንትያ ሲቀብሩ ያቆማቸው፣ በ1934 ደግሞ እጃቸውን በመጨረሻ ያስነሣው ያው መታዘዝ ነው። ተፈጥሮ ግን የሚታዘዛትን አትከዳም። መንግሥት ሊከዳ እንደሚችል ከሕግ ፕሮፌሰር ቤት የወጣው ልጅ በጊዜ አላወቀም። ለመንግሥት ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙት አክብሮት እንደ ግንበኛው ድንጋይ ከላይ ተቀምጦ ኖሮ፣ ሲወድቅ የወደቀው በራሳቸው አናት ላይ ነው።

ኤርቪን ከመጀመሪያ ሚስታቸው ልጆች የተረፈላቸው ብቸኛው ነበር። አማካሪያቸውና የቅርብ ወዳጃቸውም እሱ ነው። ከሂትለር በፊት በነበሩት መንግሥታት ትልቅ ሹም ነበርና ናዚዎች ሲመጡ ሥራውን ለቀቀ። አባቱ ያልቻለውን እሱ ቻለ፤ ሂትለርን ለማውረድ ካሴሩት ጋር ተባበረ። በጁላይ 1944 ሂትለርን ለመግደል የተጠመደው ቦምብ ከፈነዳ ከሦስት ቀን በኋላ ተያዘ። የዚያኑ ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ የግሩነቫልዱ ቤት በአየር ድብደባ ወድሞ፣ ቤተ መጻሕፍቱም፣ የአባትየው ማስታወሻና ደብዳቤዎችም አመድ ሆነው ነበር። ዛሬ ስለ ውስጣቸው የምናውቀው አብዛኛው ለሌሎች ከላኩት ደብዳቤ የተረፈ ነው።

አባትየው ለሂትለር ብቻ ሳይሆን ለናዚው ባለሥልጣን ለሂምለርም ጻፉ። ኤርቪን ጃንዋሪ 23 ቀን 1945 በርሊን ፕሎትሰንዜ እስር ቤት ተገደለ። ከሦስት ወር ተኩል ያህል በኋላ ጦርነቱ በአውሮፓ አበቃ።

የጦርነቱ ማብቂያ ፕላንክን ያገኛቸው ኤልበ ወንዝ አጠገብ ባለች መንደር ነው። የጀርባ ሕመም እያሠቃያቸው፣ ከተኩስ ሸሽተው ጫካ አድረው ነበር። አሜሪካውያን መኮንኖች ወደ ጎቲንገን ወሰዷቸው። በ1946 ለንደን የኒውተንን በዓል ስታከብር ከጀርመን የተጠሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ኦክቶበር 4 ቀን 1947 በ89 ዓመታቸው አረፉ። አንስታይን ለባልቴቲቱ የሐዘን ደብዳቤ ጻፈ፤ በዚያ ቤት ያሳለፈውን መልካም ጊዜ አነሣ። ጀርመንን ይቅር ያላለው ሰው ፕላንክን በልቡ አኑሯቸው ነበር ማለት ነው።

ጀርመን የምትኖሩ አንባቢዎቼ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጎቲንገን ብትሄዱ የአባትየውን መቃብር ታገኛላችሁ፤ ድንጋዩ ላይ ስማቸውና በስማቸው የሚጠራው ኮንስታንት ተቀርጾበታል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና አሳዩአቸው። ነገር ግን በዚያ አታብቁ፤ በርሊን ስትሄዱ ፕሎትሰንዜም ውሰዷቸው። ዛሬ የመታሰቢያ ስፍራ ነው። ኤርቪን የሞተው እዚያ ነው።