ዜማ በነጋዴ ክንድ ሲለካ

ነጋዴ አቡጀዲውን በክንድ ለክቶ ቢሸጥ የሚነቅፈው የለም፤ ሸቀጡ በክንድ የሚለካ ነውና። ዜማን በዚያው ክንድ የለካ እንደ ሆነ ግን ከልኩ ያለፈውን ሁሉ እንደ ትርፍ ጨርቅ ቈርጦ ይጥለዋል።

የጥንቱ ሸክላ በአንድ ገጹ ከሦስት ደቂቃ እምብዛም የማያልፍ ስለ ነበረ ረጅሙ ዘፈን ሁሉ በዚያው ልክ ማጠር ግድ ሆኖበት ነበር። ያ የመሣሪያው ጉድለት ነው፤ የዛሬው ግን የነጋዴው ፈቃድ ነው። ስፖቲፋይ የተባለው የሙዚቃ ማሰራጫ ኩባንያ አንድ ዜማ ተሰማ ብሎ የሚቈጥረው 30 ሰከንድ ሲሞላው ነው፤ 2 ደቂቃ የሚፈጀውም 15 ደቂቃ የሚዘልቀውም እኩል ይቈጠራሉ። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በ12 ወራት ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተሰማ ዜማ ምንም እንዳይከፈል ደንግጓል። ስለዚህ ባለዜማው ሰሚው ሳይሸሽ 30ውን ሰከንድ ለመሙላት፥ ያለውን ሁሉ በመግቢያው ላይ አፍስሶ ይጣደፋል።

በገና ደርዳሪው ዐሥሩን አውታር ቃኝቶ፥ ቃል ከማውጣቱ አስቀድሞ የሰሚውን ልብ የሚያረጋጋው በዚህ ልክ ነውን? በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ለማስመስከር ቁራሽ እየለመነ ብዙ ዓመት የሚደክመው ተማሪስ ድካሙ በየትኛው ሰከንድ ይቈጠርለታል?

የነጋዴው ወገኖች «ባለዜማም ይበላል፥ ይለብሳል፤ ያለ ገበያ በምን ይኖራል?» ይላሉ። እውነት ነው። ለሠራተኛ ደመወዝ ማግኘት ነውር አይደለም፤ በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅም ድካሙ እንዳይሰረቅበት የተደነገገ ነው። ዳሩ ግን ደመወዝ ሥራን ሊከተል ይገባዋል እንጂ ሥራን ሊመራ አይገባውም።

ለዚህም እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ምስክር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 የፒያኖ ዜማቸው በጀርመን አገር በሸክላ ታትሞ ሲወጣ ገቢውን ለችግረኞች ልጆች መርጃ አዋሉት። እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም እስኪያርፉ ድረስም በራሳቸው ስልት ጸኑ። ሸክላው ተሸጠ፤ ዜማው ግን ለገዢ አላደረም።

ከእርሳቸው አስቀድሞ ቅዱስ ያሬድ፥ ገድሉ እንደሚተርከው፥ ንጉሡ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጦ እግሩን በጦር ሲወጋው አልታወቀውም ነበር። ንጉሡ ደንግጦ የወደደውን እንዲለምን ቢፈቅድለትም ወርቅ አልለመነም፤ ወደ ምናኔ እንዲሄድ እንጂ።

ባለዜማ ሁሉ ይመንን የሚል የለም። ከሰሚው ግን ትዕግሥት ይፈለጋል። ንጉሡ ዜማውን ከልቡ ሰምቶ ነበርና ጦሩን ረሳ፤ የዛሬው ሰሚ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ይሰለቻል። ነጋዴው የሚለካበትን ክንድ ያቀበለው እርሱ ነው።